ቁልቁል የቆመ ሐውልት፦ የቦረና ቱላ ጉድጓዶች

ሐውልት ሲባል ምን ይታያችኋል? ብዙዎቻችን ቀና ብለን የምናየው ረጅም ድንጋይ ነው ትዝ የሚለን። ከሮም ተመልሶ በቦታው የተተከለው የአክሱም ሐውልት ወደ 24 ሜትር ይረዝማል። እስኪ ያንን ቁመት በሐሳባችሁ ገልብጡና ወደ መሬት ውስጥ አስገቡት። በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላ፣ በቦረና ምድር፣ ይህን ያህልና ከዚያም በላይ የሚጠልቁ፣ በሰው እጅ የተቆፈሩ ጥንታዊ የውኃ ጉድጓዶች አሉ። ቱላ ይባላሉ።

እኔ የምኖረው ዶሎ ኦዶ ነው፤ ገናሌና ዳዋ ተገናኝተው ጁባ በሚሆኑበት የድንበር ጥግ። ሙያዬ ግብይት ነው። ለዕቃ ዋጋ እተምናለሁ፣ ገዢ እፈልጋለሁ። ወንዝ አጠገብ የሚኖር ሰው ደግሞ ስለ ውኃ ብዙ አይጨነቅም። ባለፈው በጋ ግን ባለቤቴንና የሰባት ዓመት ልጃችንን ይዤ በፊልቱና በነገሌ በኩል ወደ ያቤሎ ወጣን። ከዚያም ወደ ሜጋ በሚወስደው መንገድ ዱብሉቅ ደረስን። ስለ ውኃ የነበረኝ ሐሳብ የተለወጠው እዚያ ነው።

ዘጠኙ ቱላዎች

ቦረናዎች ታላላቅ ጉድጓዶቻቸውን «ቱላ ሰግላን» ይሏቸዋል፤ ዘጠኙ ቱላዎች ማለት ነው። ዱብሉቅ፣ መልባና፣ ዌብ፣ ጋዮና ዳስ ከእነዚህ መካከል ናቸው። እያንዳንዱ ስም አንድ ጉድጓድ ብቻ አይምሰላችሁ፤ በአንድ ስፍራ በርካታ ጉድጓዶች አሉ።

በቃል የሚተላለፈው ታሪክ ጉድጓዶቹን ብዙ መቶ ዓመታት ወደ ኋላ ይወስዳቸዋል። ወደ እኛ ወደ ዶሎ ስትመጡ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ኬንያ ስትሻገሩ ደግሞ ሌላ ትረካ ትሰማላችሁ፦ ማዳንሌ የሚባሉ፣ ቁመታቸውና ጉልበታቸው ከሰው የላቀ ጥንታዊ ሕዝቦች ነበሩ፤ የዋጂርንና የኤል ዋቅን ጉድጓዶች የቆፈሩት እነሱ ናቸው ይባላል። አለቱን ያየ ሰው እንዲህ ዓይነት ተረት ለምን እንደተፈጠረ ወዲያው ይገባዋል።

ቋንቋውም የራሱን ታሪክ ይናገራል። በኦሮምኛ ጉድጓድ «ኤላ» ነው፤ በሶማልኛ ደግሞ «ኤል»። ኤል ሶድ፣ ኤል ዳስ፣ ኤል ዋቅ የሚባሉት ስሞች ሁሉ ከዚሁ የተቀዱ ናቸው። ኤል ዋቅ ማለት «የፈጣሪ ጉድጓድ» ነው። በዚህ ቆላ ከተማ የሚበቅለው ውኃ ባለበት ስለሆነ፣ ካርታው ራሱ የጉድጓድ ስም ዝርዝር ይመስላል።

ውበቱ የት ነው?

ከሩቅ ሲታይ ምንም የለም። ቀይ አፈር፣ ግራር፣ ከብት የረገጠው አቧራ ብቻ ነው። ቀረብ ስትሉ መሬቱ ተሰንጥቆ እንደ ኮሪደር ወደ ውስጥ ሲያዘቀዝቅ ታያላችሁ። ከብቶቹ በዚህ መተላለፊያ በሰልፍ ወርደው በጭቃ ከተሠራው ረጅም ገንዳ ይጠጣሉ። ከገንዳው ኋላ ደግሞ ዋናው ጉድጓድ ቀጥ ብሎ ወደ ጨለማው ይወርዳል።

ላሊበላን ያየ ሰው ሐሳቡን ያውቀዋል፤ እዚያም ጠራቢዎቹ የጀመሩት ከላይ ወደ ታች ነው። ልዩነቱ የቱላ ሕንፃ ያለ ሰው ሙሉ አለመሆኑ ነው። በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ፣ ሰዎች በእርከንና በእንጨት መወጣጫ ላይ ይቆማሉ። የታችኛው ይቀዳል፣ ለላይኛው ያቀብላል፣ እሱም ለቀጣዩ። ሙሉው ባልዲ ሲወጣ ባዶው ይወርዳል። ድሮ ባልዲው ከቀጭኔ ቆዳ የሚሠራ «ኦኮሌ» ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው የፕላስቲክ ዕቃ ተክቶታል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በዜማ ነው። «ዘፋኝ ጉድጓዶች» የሚል ስም ያተረፉትም በዚህ ነው። ዜማው እጅ ለእጅ የሚያቀናጅ ሰዓት ነው፤ አንዱ ቢዘገይ ባልዲው ይወድቃል። ልጃችን ከአፉ ዳር ርቃ ቆማ ስትሰማ ቆየችና «አባዬ፣ መሬቱ ነው እንዴ የሚዘፍነው?» አለችኝ። እኔም ለጊዜው መልስ አልነበረኝም።

ዋጋ የሌለው ውኃ

እንደ ሙያዬ የመጀመሪያ ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ አንድ ባልዲ ስንት ነው? በባህሉ ውኃው አይሸጥም። ያለው ዋጋ ሳይሆን ተራ ነው። ጉድጓዱን በመጀመሪያ ያስቆፈረው ሰው ዘሮች «አባ ኮንፊ» በሚባለው ሰው ይወከላሉ። የዕለቱን ቅደም ተከተል የሚያስከብረው ደግሞ «አባ ሄሬጋ» ነው። የማን መንጋ ዛሬ፣ የማን ነገ እንደሚጠጣ አስቀድሞ ይታወቃል፤ በደረቁ ወቅት ከብት በየሦስት ቀኑ ሊጠጣ ይችላል። ዝናብ ሲጥል መንጋው ወደ ኩሬ ይሄዳል፣ ጉድጓዱም ያርፋል።

ከዚህ በስተጀርባ ያለው የገዳ ሥርዓት ነው። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ይህ ሥርዓት፣ በየስምንት ዓመቱ ጉሚ ጋዮ በተባለው ታላቅ ጉባኤ ሕጉን ይመረምራል። ጉባኤው ስሙን ያገኘው ከዘጠኙ ቱላዎች አንዱ ከሚገኝበት ከጋዮ መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

የአክሱም ድንጋይ ሰው ባያየውም ቆሞ ይኖራል። ቱላ ግን ካልተጠረገ ይደፈናል፣ ካልተጠገነ ይናዳል። የተናደን ጉድጓድ መልሶ ለመቆፈር ጎሳው ይሰበሰባል፣ ለቆፋሪዎቹም በርካታ በሬ ይታረዳል። ስለዚህ ቅርሱ ከብትም፣ ጉልበትም፣ ስምምነትም ይጠይቃል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ቦረና እጅግ ብዙ ከብት አጣ። ከብቱ ሲያልቅ በሬውም፣ ባልዲ የሚያቀብለው ወጣትም ይቀንሳል። ሞተርና ቧንቧ መግባታቸው መልካም ነው፤ ማንም እናት ልጇ እንዲጠማባት አትሻም። ሞተሩ ግን ተራ አያስከብርም።

መሄድ ብታስቡ

ከአዲስ አበባ በሐዋሳ፣ በዲላና በቡሌ ሆራ አድርጋችሁ ያቤሎ ትደርሳላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ አጣሩ። ጉድጓዶቹ በሥራ ላይ የሚታዩት በበጋ፣ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። የአካባቢውን ሰው አስጎብኚ ያዙ፣ አባ ሄሬጋውን ፈቃድ ጠይቁ። ቀጂዎቹ ልብሳቸውን አውልቀው ስለሚሠሩ ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ። የልጆቻችሁን እጅ አጥብቃችሁ ያዙ።

እኛ ቤት ከተመለስን በኋላ አንድ ነገር ተለውጧል። ልጃችን ጥርሷን ስትፋቅ ቧንቧውን ትዘጋለች። ለምን ብዬ ስጠይቃት መልሷ አጭር ነው፦ «ተራ አለ።»