የጀልባ ሞተርና የባትሪው ሒሳብ

በጣና ሐይቅ ላይ ተጓዦችን በሚያመላልሱ ጀልባዎች ጀርባ የሚታየው ሞተር ጀልባውን ከመግፋቱ በተጨማሪ፣ በብዙ ሞዴሎች ላይ፣ ባትሪውን መልሶ የመሙላት ሥራ ተደርቦለታል። ይህ ተደራቢ ሥራ ብዙ ጊዜ ያለ አቅሙ ይታመናል።

በሞተሩ አናት ላይ፣ ከክዳኑ ሥር፣ ቮላኖ የሚባለው ከባድ ተሽከርካሪ ብረት ይገኛል፤ በውስጠኛው ጠርዙ ዙሪያም ቋሚ ማግኔቶች ተለጥፈውበታል። በመካከሉ ስቴተር የሚባለው፣ በብረት ጥርሶች ላይ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጧል። ማግኔቶቹ በሽቦው ዙሪያ ሲሽከረከሩ፣ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባሳየው መርሕ መሠረት፣ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይመነጫል። ይህ ኤሌክትሪክ አቅጣጫውን ያለማቋረጥ የሚቀያይር በመሆኑ ባትሪ ሊሞላ አይችልም፤ ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ ዳዮዶች የተሠራው ሬክቲፋየር ወደ ቀጥተኛ ጅረት ይለውጠዋል፣ ሬጉሌተሩ ደግሞ ቮልቱ ከ14.5 ገደማ እንዳያልፍ ይገታዋል። በአንዳንድ ትንንሽና አሮጌ ሞተሮች ላይ ሬጉሌተር ስለሌለ፣ ረጅም ጉዞ ባትሪውን ከልክ በላይ ሞልቶ ውኃውን ሊያደርቀው ይችላል። ባለ 12 ቮልት የእርሳስና አሲድ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ ወደ 12.7 ቮልት ያሳያል፤ ሞተሩ በመካከለኛ ዙር እየሠራ በባትሪው ጫፎች ላይ የሚለካው ቮልት ከዚህ ከፍ ካላለ፣ ከስቴተሩ እስከ ገመዶቹ ያለውን መስመር መፈተሽ ያስፈልጋል።

ከብዙዎች ግምት በተቃራኒ ባትሪውን የሚያደክመው ሞተር ማስነሳት አይደለም። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ 150 አምፔር ለ3 ሰከንድ ቢስብ የወሰደው ከአንድ አምፔር ሰዓት፣ ማለትም አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ሲፈስ ከሚያልፈው መጠን፣ አንድ ስምንተኛውን ብቻ ነው፤ 6 አምፔር የሚያመነጭ ትንሽ ሞተርም ይህንን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይተካዋል። መብራት፣ ሬዲዮና የዓሣ መፈለጊያ መሣሪያ ተደምረው 5 አምፔር ለ4 ሰዓት ሲወስዱ ግን 20 አምፔር ሰዓት ያልቃል፤ ያው ሞተር በሙሉ ዙር ቢሠራ እንኳ ለመተካት ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። መሣሪያዎቹ በጉዞ ላይም ካልጠፉ ለባትሪው የሚተርፈው 1 አምፔር ብቻ ይሆናል።

በሞተሩ ላይ የተጻፈው አምፔርም የሙሉ ዙር ልክ ነው። ቮላኖው ቀስ ብሎ ሲዞር የሚመነጨው እጅግ ስለሚያንስ፣ ዓሣ አጥማጅ መረቡን እየጎተተ በዝቅተኛ ዙር ያሳለፈው ረጅም ሰዓት ለባትሪው ብዙም አይጠቅመውም። በዚያ ላይ የእርሳስ ባትሪ ሊሞላ ሲቃረብ የሚቀበለው ጅረት እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ የመጨረሻው አንድ አምስተኛ ከሌላው ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ለዚህ ወደብ ላይ ከመብራት መስመር ጋር የሚያያዝ ባትሪ መሙያ ይሻላል።

ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ጅረቱን የሚቀበል ባትሪ ሲጠፋ ቮልቱ በቅጽበት ዘሎ ዳዮዶቹን ያቃጥላል። የሊቲየም ባትሪ አደጋ ከዚህ ይለያል። የውስጥ መቋቋሙ ዝቅተኛ ስለሆነ ያገኘውን ጅረት ሁሉ እየሳበ ስቴተሩን ለረጅም ጊዜ በሙሉ አቅሙ ስለሚያሠራው፣ ሽቦው ከመጠን በላይ ይግላል፤ በመሆኑም በሞተሩና በባትሪው መካከል ጅረቱን የሚመጥን ተጨማሪ መሙያ ይገባል።