የጠማቂው ቤት ዕዳ

የሕግ ተማሪ ሳለን የንግድ ሕግ መምህራችን «ኃላፊነቱ የተወሰነ» የምትለዋን ሐረግ እንደ ዋዛ እንዳናልፋት ደጋግመው ያሳስቡን ነበር። እውነቱን ለመናገር ያኔ ብዙም አልገባኝም። የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ የኖረውን የትሬል ቤተሰብ ታሪክ ሳነብ ነው። ትሬሎች ቢራ ጠማቂዎች ነበሩ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጠመቃ ቤታቸው ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ ሳውዝዋርክ ይገኝ የነበረው «አንከር» ነው። የቀድሞው ባለቤት ኤድመንድ ሃልሲ በ1729 ሲሞት ሴት ልጁ ለመኳንንት ተድራ ነበር፤ መኳንንት ደግሞ ቢራ ሻጭ መባልን የሚጠየፉበት ዘመን ነውና ድርጅቱ መሸጥ ነበረበት። ገዢው እዚያው ሲሠራ የኖረው የሃልሲ የእህት ልጅ ራልፍ ትሬል ሆነ። የዘመኑ ጸሐፊ ጄምስ ቦስዌል እንደሚተርከው ዋጋው 30,000 ፓውንድ ነበር፤ ራልፍ ንብረቱን ራሱን መያዣ አድርጎ በ11 ዓመት ከፍሎ ጨረሰ።

የሚጠምቁት ፖርተር የተባለውን ጥቁር ቢራ ነው። ስሙን ያገኘው ከሚወዱት የለንደን ተሸካሚዎች እንደሆነ ይነገራል። ፖርተር በግዙፍ ጋን ለወራት መቀመጥ አለበት። ብቅሉና ሆፑ (ሆፕ ማለት ለእነርሱ ጌሾ ማለት ነው) አስቀድሞ ይገዛል፤ ገንዘቡ ግን ቢራው ተሽጦ መጠጥ ቤቶቹ እስኪከፍሉ ድረስ አይመለስም። ስለዚህ ትልቅ ጠማቂ ሁሉ ትልቅ ተበዳሪ ነው። በዚያ ላይ ባለቤቱ ለዕዳው በግል ንብረቱ ሁሉ ይጠየቅ ነበር፤ የተወሰነ ኃላፊነትን ለተራው ነጋዴ የከፈተው የእንግሊዝ ሕግ የወጣው በ1855 ነውና።

ራልፍ በ1758 ሲሞት ድርጅቱን የወረሰው ልጁ ሄንሪ ኦክስፎርድ የተማረ፣ ድሎት የለመደ ሰው ነው። በ1763 ሄስተር ሳልስበሪን አገባ፣ በ1765 የሳውዝዋርክ የፓርላማ አባል ሆነ፤ ታላቁ የመዝገበ ቃላት ሊቅ ሳሙኤል ጆንሰንም በዚያው ዓመት የቤቱ ወዳጅ ሆነ። ሄንሪ አንድ ክፉ ድካም ነበረበት፦ ተፎካካሪዎቹን በብዛት መብለጥ። ሃምፍሪ ጃክሰን የተባለ ኬሚስት ያለ ብቅልና ያለ ሆፕ ቢራ መጥመቅ ይቻላል ብሎ ሲያማልለው አመነው። ቢራው ተበላሸ። ወዲያው በሰኔ 1772 አሌክሳንደር ፎርዳይስ የተባለው የባንክ ሰው ኪሳራ ደርሶበት ሲኮበልል የለንደን ብድር በአንድ ጊዜ ደረቀ። የትሬል ዕዳ ወደ 130,000 ፓውንድ ደርሶ ነበር።

ሄንሪ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ቤቱን ያዳነችው ነፍሰ ጡሯ ሄስተር ናት። የእናቷን ቁጠባ 3,000 ፓውንድ ተቀበለች፣ ከባሏ እህት 5,000 ተበደረች፤ በባለቤታቸው የተቆጡትን ሠራተኞች ለመነች፤ ከዋናው ጸሐፊ ከጆን ፐርኪንስ ጋር ሆናም ደንበኞችን አባበለች። በዚያ መከራ መካከል የወለደቻት ሕፃን በሰዓታት ውስጥ ሞተች። እኔን የሚገርመኝ ግን ሕጉ ነው። በጊዜው የእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት በራሷ ስም መዋዋልም ሆነ ንብረት መያዝ በተለመደው መንገድ አትችልም። ያዳነችው ድርጅት በሕግ ፊት የባሏ ብቻ ነበር። ይህ የተለወጠው በ1882 ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ።

ዕዳው በዓመታት ተከፈለ። ሄንሪ ግን ትምህርት አልወሰደም፤ በ1778 ሄስተርና ጆንሰን በዓመት ከ80,000 በርሜል በላይ እንዳይጠምቅ ቃል እስከማስገባት ደርሰዋል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ወራሽ የተባለው የዘጠኝ ዓመት ልጁ ሃሪ ድንገት ሞቶበት ነበር። ሄስተር ከወለደቻቸው 12 ልጆች ለአካለ መጠን የደረሱት አራት ሴቶች ብቻ ናቸው። በሰኔ 1780 ለንደን በጎርደን ረብሻ ስትናወጥ ፐርኪንስ ሁከተኞቹን ሥጋና ፖርተር እያቀረበ ጦር እስኪደርስ አቆያቸው፤ ጠመቃ ቤቱም ተረፈ።

ሄንሪ በሚያዝያ 1781 ሞተ። ጆንሰን ከኑዛዜ አስፈጻሚዎቹ አንዱ ነበር፤ በመዝገበ ቃላቱ የመጠጥ ቀረጥን የሰደበው ሰው ልክ እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ ቀለምና ብዕር ይዞ ሽያጩ ላይ ሽር ጉድ ሲል ታየ። ድርጅቱ ለባንክ ቤተሰቦቹ ለባርክሌዮችና ለፐርኪንስ በ135,000 ፓውንድ ተሸጠ፤ ክፍያው በአራት ዓመት እንዲጠናቀቅ ተስማሙ። የትናንቱ ጸሐፊ ፐርኪንስ፣ ራልፍ ትሬል በሄደበት መንገድ ባለድርሻ ሆነ ማለት ነው። ሄስተር ከጠመቃ ቤቱ በመገላገሏ ደስታዋን አልደበቀችም። በ1784 የልጆቿን የሙዚቃ መምህር ጣሊያናዊውን ጋብርኤል ፒዮዚን ስታገባ ጆንሰን ተቆጥቶ ተለያት፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሞተ። ባርክሌይ ፐርኪንስ የሚለው ስም ግን ከከሬጅ ኩባንያ ጋር እስከተዋሃደበት እስከ 1955 ድረስ በለንደን በርሜሎች ላይ ቆየ።