ስለ ተባይ መድኃኒት ባዶ መያዣ አመላለስ

የተባይ መድኃኒት ለእህል ረዳት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ጄሪካን አሳቢ ካላገኘ ጉዳት ያመጣል። የገጠር ሰው የሚያገለግል ዕቃ በከንቱ አይጥልምና፤ በአገራችን ባዶው ጄሪካን ታጥቦ ውሀ መቅጃ ሲሆን ይታያል። ዓይን የማያየው መርዝ ግን በፕላስቲኩ ውስጥ ተመጥጦ ስለሚቀር፤ ከዚያ የሚጠጡት ቤተ ሰቦች ይታመማሉ። በእርሻ ዳር ቢጣልም ዝናብ መርዙን ወደ ወንዝ ያወርደዋል፤ ቢያቃጥሉትም ጢሱ ይጎዳል።

የብራዚል መንግሥት ይህን ችግር አይቶ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ኀላፊነቱን ለአራት ወገኖች ከፍሎ ሰጠ። በ2023 ዓ.ም. የወጣው አዲስ ሕግም ይህንኑ ክፍፍል አጽንቶታል።

፩ኛ፤ ገበሬው ባዶውን መያዣ አጥቦ ከገዛበት ቀን አንሥቶ እስከ 1 ዓመት ድረስ ይመልሳል። አስተጣጠቡም እንዲህ ነው፤ መድኃኒቱ እንዳለቀ ሳይደርቅ የመያዣውን ሩብ ያህል ውሀ ጨምሮ፤ ከድኖ፤ 30 ሰከንድ ከናጠ በኋላ እጣቢውን ወደ መርጫው ይገለብጣል። ይህንንም 3 ጊዜ ያደርጋል። ስለዚህ በገንዘቡ የገዛው መድኃኒት አይባክንበትም። ይህ እጥበት መያዣውን ለማጓጓዝ ያበቃዋል እንጂ ለመጠጥ አያበቃውም፤ ስለ ሆነም ሁለተኛ ውሀ እንዳይቀዳበት ታቹ ይበሳል።

፪ኛ፤ ነጋዴው የመመለሻውን ስፍራ በሽያጭ ደረሰኙ ላይ ይጽፋል፤ የተመለሰውንም ይቀበላል። ትንሹ ነጋዴ ብቻውን መጋዘን መሥራት ስለማይችል፤ ነጋዴዎች በማኅበር ሁነው የጋራ መቀበያ አቁመዋል።

፫ኛ፤ ሠሪው ፋብሪካ ከመቀበያው አንሥቶ በራሱ ወጪ ያጓጉዛል፤ የታጠበውን አቅልጦ ለሌላ ዕቃ ያውላል፤ የማይታጠበውን በልዩ ምድጃ ያቃጥላል። ለዚህም ፋብሪካዎቹ በ2001 ዓ.ም. አንድ የጋራ ድርጅት አቋቁመዋል።

፬ኛ፤ መንግሥት ይመረምራል፤ ከሌሎቹም ጋራ ሁኖ ሕዝቡን ያስተምራል።

በዚህ ሥርዓት በብራዚል ለገበያ ከሚወጣው የመድኃኒት ፕላስቲክ መያዣ ከመቶው ከ90 በላይ የሚሆነው ይመለሳል። ይህ የሆነው በቅጣት ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ድርሻውን ለይቶ ስላወቀና የመመለሻው ስፍራ ለገበሬው ስለ ቀረበ ነው። ገበሬው ሩቅ መንገድ እንዲሄድ ቢታዘዝ ጄሪካኑ እዚያው ከቤቱ በቀረ ነበር።

እንግዲህ የወረዳ ሹማምንት፤ ሰፊ እርሻ ያላቸውም ሰዎች፤ ከዚህ የሚቀስሙት ትምህርት አለ። ነጋዴን ከመቅጣት በፊት የሚገባውን ሥራ ለይቶ ማስረዳት ይቀድማል። በገበያ ቀን መድኃኒት ሻጮችን ሰብስቦ አንድ የጋራ መቀበያ፤ የሚቈለፍና ከምንጭ የራቀ፤ እንዲያዘጋጁ መምከር፤ ገበሬውም 3 ጊዜ ማጠብንና መብሳትን በዓይኑ አይቶ እንዲማር ማድረግ የተገባ ነው። ባለ ሰፊ እርሻውም በራሱ ሠራተኞች ቢጀምር ለጎረቤቱ ምሳሌ ይሆናል። እህልን ለማዳን የተገዛው መድኃኒት እህሉን የሚበላውን ሰው እንዳይጎዳ መጠንቀቅ ከእርሻ ሥራ የተለየ አይደለምና።