የሴፍቲኔት እህልና የሕፃናት ቁመት

በደብረ ታቦር ዙሪያ ያለው የደቡብ ጎንደር መሬት አንድ ዓይነት አይደለም። ወደ ጣና ያዘነበሉት ፎገራና ደራ ሩዝና ጤፍ ያመርታሉ። ከጉና ተራራ ወዲያ ያሉት ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ግን አፈራቸው የታጠበ፣ ዝናባቸው የማይታመን ስለሆነ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ታቅፈዋል። ፕሮግራሙ በየዓመቱ ለተወሰኑ ወራት እህል የሚያጥረውን ቤተሰብ ይደግፋል። ጉልበት ያለው እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠግኖ ይቀበላል፤ ይህ የማኅበረሰብ ሥራ ይባላል። አረጋውያንና ሕሙማን ሳይሠሩ ይቀበላሉ፤ ይህ ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ነው።

ድጋፉ የብዙ ቤተሰብን የረሃብ ወራት አሳጥሯል። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም (ኢፍፕሪ) ተመራማሪዎች የቀደሙትን ዓመታት መረጃ ሲመረምሩ ግን ፕሮግራሙ የሕፃናትን መቀንጨር ስለመቀነሱ ማስረጃ አላገኙም። መቀንጨር የሕፃኑ ቁመት ለዕድሜው ከሚጠበቀው በታች መሆኑ ነው። በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር።

እህል እየገባ ቁመቱ ለምን አልተሻሻለም? መቀንጨር በአብዛኛው የሚጀምረው ከፅንስ እስከ ሁለተኛው የልደት በዓል ባለው ጊዜ ነው። ሕፃኑ ስድስት ወር ሲሞላው ጡት ብቻውን አይበቃውም። ሆዱ ትንሽ ስለሆነ በትንሹ ብዙ ኃይል የሚሰጥ ምግብ ይፈልጋል፤ ወፈር ያለ ገንፎ፣ እንቁላል፣ ወተት። በደጋው ቤት የሚቀርብለት ብዙውን ጊዜ ቀጠን ያለ አጥሚት ነው። ዶሮዋ እንቁላል ብትጥልም ጨውና ዘይት መግዣ ሆኖ ገበያ ይወጣል። በስፍር የሚመጣው እህል የቤቱን ሰው ሁሉ ሆድ ይሞላል እንጂ ይህን ክፍተት አይዘጋም።

ጉዳቱ ለእናትየውም አይታያትም። ጤና ኬላ ላይ የሕፃኑ ክንድ የሚለካበት ጥብጣብ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ አለው፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው። ጥብጣቡ የሚለየው መክሳትን ነው። የቀነጨረ ሕፃን አረንጓዴው ላይ አርፎ፣ ጉንጩ ሞልቶ፣ ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት ይውላል። እኩዮቹም አጫጭር ከሆኑ ማን ያስተውለዋል?

ሌላው ምክንያት የእናት ጉልበት ነው። የፕሮግራሙ መነሻ ስሌት ለአንድ ሰው የወር ድርሻ አምስት የሥራ ቀን ይጠይቃል። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት 25 ቀን ይመጣበታል፤ ሦስቱ ልጆች ከሆኑ ሥራው በአባትና በእናት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በ2008 ዓ.ም. የፕሮግራሙ አራተኛ ምዕራፍ ነፍሰ ጡርን ከድንጋይ ሸክም አውጥቶ፣ ልጇ አንድ ዓመት እስኪሞላው ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ እንድትዛወር ደነገገ። በምትኩ የእርግዝና ክትትል እንድታደርግና የአመጋገብ ትምህርት እንድትከታተል ይጠበቅባታል። ብትቀር ግን ድርሻዋ አይቆረጥም። ይህ ልዝብ ቅድመ ሁኔታ በእኔ ግምት ትክክል ነው፤ ጤና ኬላ ለመድረስ ዳገትና ቁልቁለት የምትወጣ የምትወርድን ሴት በእህል መቅጣት ሕፃኑንም መቅጣት ነው።

አሠራሩ የሚላላው መዛወሪያው ላይ ነው። እርግዝናውን የምታረጋግጠው በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው መርሐ ግብር በየቀበሌው የተመደበችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት፤ የሥራ መዝገቡ ያለው ግን በግብርና በኩል ነው። ስሟ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው እስኪተላለፍ ሴትዮዋ እርከን ላይ ትቆያለች። በዚያ ላይ ብዙ ሴት ሆዷ ሳይገፋ ማርገዟን አትናገርም፤ ባወጣሁት ጊዜ ቢጨናገፍስ ትላለች፣ የሰው ዓይንም ትፈራለች። ሳትናገር እፎይታ የለም። ፅንሱ በሚሠራባቸው በመጀመሪያዎቹ ወራት ደንቡ የማይደርስላት ለዚህ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የክልሉ የመቀንጨር መጠን 41 በመቶ ሆኗል። ቅነሳውን ለሴፍቲኔቱ ብቻ መስጠት አይቻልም፤ በእነዚያው ዓመታት መጸዳጃ ቤት፣ ክትባትና መንገድም ሲስፋፉ ነበር። ቀጥሎ ገንዘብ ቢገኝ ስፍሩን ከማሳደግ በፊት የሁለቱን መዝገቦች ግንኙነት ማስተካከል ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ውጤት የሚሰጥ ይመስለኛል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት ግን መንገዱንም ጤና ኬላውንም ስለሚያውክ፣ ይህ ማስተካከያ ራሱ ከሰላሙ በፊት የሚሞከር አይደለም።