አጠገብህ የተቀመጠው ደጋፊ እንዴት ነው?

ሁለት ደጋፊዎች ናቸው። በእንግሊዙ ኖርዊች ሲቲ ስታዲየም ካሮው ሮድ ጎን ለጎን ተቀምጠው የክለባቸውን ጨዋታ ይከታተላሉ። አንደኛው ዝምተኛ ነው፤ ፊቱ አይፈታም። ሌላኛው ግን ሳቂታ፣ ጯሂ፣ ጎረቤቱን በቀልድ የሚነካካ ነው። አንዱ ጨዋታ ያልፋል፣ ሌላው ይመጣል። በመጨረሻ ዝምተኛው ብቻውን ይመጣና ስካርፍ ባዶው ወንበር ላይ ያኖራል። የሞተው ሳቂታው ነው!

ክለቡ ይህን አጭር ፊልም ያወጣው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 2023፣ በዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ነበር። መልእክቱ አጭር ነው፤ የተጨነቀ ሰው ሁልጊዜ አይታወቅምና አጠገባችሁ ያለውን ጠይቁ የሚል።

እንዲህ ያለው ወንበር ላሊበላም አለ። ማታ ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ አርሴናል ማንቸስተር እያለ ሲሟገት የሚያመሸው ወጣት ቀን ቀን አስጎብኚ ነው፣ የሆቴል አስተናጋጅ ነው፣ መስቀል ሻጭ ነው፣ ቱሪስት ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣ በቅሎ አከራይ ነው። እንጀራው በእንግዳ ላይ የቆመ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና እንግዳውን አስቀረ። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ ከተማዋ በጦርነቱ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትገባ ስትወጣ ከረመች። እፎይ ሳይባል በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሳ፤ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻም ላሊበላ ውስጥ ውጊያ ነበር።

ይህን ሁሉ ያሳለፈ ሰው "እንዴት ነህ?" ሲባል "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። የቀረው ሆድ ይፍጀው ነው። ወንድ ልጅ ደግሞ አያለቅስም ተብሎ ነው ያደገው።

ጭንቀትና ድብርት የድሃ ወይም የደካማ ሰው ነገር ነው የሚል ካለ የአንድሬስ ኢኒየስታን ታሪክ ይስማ። በ2009 ባርሴሎና ሦስት ዋንጫ በአንድ የውድድር ዘመን በልቷል። በዚያው ነሐሴ ግን የኤስፓኞሉ ተከላካይና ወዳጁ ዳኒ ሃርኬ በድንገት ሞተ። በጉዳት ላይ የነበረው ኢኒየስታ በድብርት ወደቀ። የ25 ዓመቱ ኮከብ አንድ ሌሊት ወላጆቹ ዘንድ ሄዶ ደህና አለመሆኑን ነግሮ ከእነሱ ጋር መተኛት እንደሚፈልግ ገለፀላቸው። አባቱ ይህን በ2020 በወጣ ዘጋቢ ፊልም ላይ ሲያስታውስ፣ ነገሩ ከባድ መሆኑ ያኔውኑ እንደገባው ተናግሯል። ኢኒየስታ ቤተሰቡ ጋር ብቻ አልቆመም፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድም ሄደ። ጁላይ 11 ቀን 2010 በዓለም ዋንጫው ፍፃሜ በ116ኛው ደቂቃ የስፔንን ጎል አስቆጥሮ ማልያውን ሲያወልቅ ከስር የለበሰው ላይ የሃርኬ ስም ነበር።

የሮበርት ኤንከ መጨረሻ ግን ሌላ ነው። የሃኖቨር 96 እና የጀርመን ብሔራዊ ቡድን ግብ ጠባቂ የነበረው ኤንከ ድብርቱን ከቡድን ጓደኞቹ ደብቆ ኖረ። ኖቬምበር 10 ቀን 2009 በ32 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። በማግስቱ ባለቤቱ ቴሬዛ በጋዜጠኞች ፊት ቀርባ ለምን እንደደበቀ አስረዳች፤ ኳሱንና የማደጎ ልጁን እንዳያጣ ፈርቶ ነበር። በፍቅር ሁሉንም እንወጣዋለን ብለው ማሰባቸውን፣ ግን ሁልጊዜ እንደማይቻልም ተናገረች። ሐኪምም ሚስትም አጠገቡ ነበሩ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ቤተሰብን መውቀስ አይገባም። በሽታ ነውና።

ታዲያ ጓደኛ ምን ያድርግ? የላስታ ሰው የመጀመሪያውን ትምህርት ድሮም ያውቀዋል። ለቅሶ ሲደርስ ሐዘንተኛውን "ለምን ታለቅሳለህ?" አይለውም። ዝም ብሎ አጠገቡ ይቀመጣል፣ እህል ያቀምሰዋል፣ ብቻውን አያሳድረውም። ቀብር ያልወጣበት ሐዘንም እንዲሁ ነው። እንቅልፍ ያጣውን፣ ከሰው የሸሸውን፣ የሚወደውን ኳስ እንኳ የጠላውን ጓደኛ "በርታ፣ ወንድ አይደለህም እንዴ?" ማለት አፉን መዝጋት ነው። "ሰሞኑን ልክ አይደለህም፤ ምን ሆነሃል?" ብሎ መልሱን ሳያቋርጡ መስማት ይሻላል።

"ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?" ብሎ በግልፅ መጠየቅም ሐሳቡን አያመጣበትም። እንዲያውም ሸክሙን ያቀልለታል። አዎ ካለ ብቻውን መተው፣ ራሱን ሊጎዳበት የሚችል ነገር አጠገቡ ማስቀመጥ አይገባም። ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ይዞት መሄድ ነው፤ "ሂድ" ማለት ሳይሆን "አብረን እንሂድ"።

ላስታ የጸበል አገር ነው፤ ብዙው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያው ነው። ጸበሉ ሕክምናውን አይከለክልም። አዲስ አበባ ውስጥ የአእምሮ ሐኪሞችና አጥማቂ ካህናት አብረው የሠሩበት ተሞክሮ በ2021 በጥናት ታትሟል፤ ታማሚው ጸበሉንም መድኃኒቱንም ሳያቋርጥ ይከታተላል። የድብርት መድኃኒት ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይፈልጋል። "አልሠራልኝም" ብሎ ሊተው ሲል "ትንሽ ታገስ" የሚለው ያ የአግዳሚ ጓደኛው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እንዳይደብቅ የሚያደርገው ግን የሚሰማው ሰው ሲያገኝ ነው።

ቅዳሜ ጨዋታ አለ። ሁልጊዜ የሚመጣ አንድ ልጅ ቀርቶ ይሆናል። "ክለቡ ስለተሸነፈ አፍሮ ነው!" ተብሎ ይሳቅበታል። ሳቁ ይቆይ። መጀመሪያ በሩን የሚያንኳኳ አንድ ሰው ይሂድ።