መቋሚያው ምን ይናገራል?

ኅዳር 26 የአባ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሐይቅ እስጢፋኖስን የትምህርት ማዕከል ያደረጉት አባት ናቸው። እስቲ በዚያ ሌሊት ለማኅሌት የቆሙ አንድ አዛውንት በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ጫማቸውን ደጅ አውልቀዋል፤ ገና አልነጋም። ስኳር ከያዛቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ውስጥ እግራቸው ደንዝዞ መሬቱ ጥጥ ጥጥ ይላቸዋል። ታዲያ ለምን አይወድቁም? ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ መልሱ ያለው እጃቸው ላይ ነውና።

ቆመን እንድንቆይ አእምሯችን ከሦስት ቦታ ወሬ ይቀበላል፦ ከዓይን፣ ከውስጠኛው ጆሮ፣ ከእግር። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቭን ይጎዳል፤ ቀድመው የሚጎዱት ረጃጅሞቹ ስለሆኑ መደንዘዙ ከእግር ጣት ይጀምራል። የእግር ወሬ ሲቋረጥ ሰው በዓይኑ ይተካዋል። ለዚህ ነው ቀን ደህና የዋለ ሰው መብራት ሲጠፋ፣ ወይም ፊቱን ሲታጠብ ዓይኑን ሲጨፍን የሚንገዳገደው።

እግራችሁ ያልደነዘዘ አሁኑኑ ሞክሩት። ግድግዳ አጠገብ ሁኑና ጫማችሁን አውልቃችሁ፣ እግራችሁን ገጥማችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ቁርጭምጭሚታችሁ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ ጣቶቻችሁ ወለሉን ሲቆነጥጡ ይታወቃችኋል። አሁን ግድግዳውን በአንድ ጣት ብቻ ንኩት፤ አትደገፉት። መወዛወዙ ቀነሰ አይደል? ጣቷ ክብደታችሁን አልተሸከመችም፤ የት እንዳላችሁ ነገረቻችሁ እንጂ! ጄካና ላክነር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ1994 ለክተው አሳይተዋል። መቋሚያም ሆነ ከዘራ ምርኩዝ ብቻ አይደለም፤ እግር የተወውን ወሬ በእጅ በኩል ያደርሳል።

ቀድሞ ሐኪሞች ቁስልን ፈርተው እግሩ የደነዘዘ ሰው ቆሞ የሚሠራ እንቅስቃሴ እንዳያበዛ ይመክሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር እግሩ ያልቆሰለ ሰው መጠነኛውን ሊሠራ እንደሚችል አስታወቀ። እንቅስቃሴው የተጎዳውን ነርቭ መልሶ ያድናል አልላችሁም። ባትንና ዳሌን ያጠነክራል፤ አእምሮም በቀረው ወሬ ቶሎ መጠቀምን ይለምዳል።

ሥራው ቀላል ነው፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል። ከወንበር በእጅ ሳይገፉ መነሳትና መቀመጥ፤ ጠረጴዛ ይዞ ተረከዝን ማንሳት፤ ተረከዝን ከጣት እየገጠሙ በግድግዳ ጥግ መራመድ። ከዚያ በአንድ እግር መቆም። ይህን ስል እዚያው ሐይቅ እስጢፋኖስ የተማሩት፣ በአንድ እግራቸው ቆመው መጸለያቸውን ገድላቸው የሚነግረን አቡነ ተክለ ሃይማኖት ትዝ ይሉኛል። ለእኛ ዐሥር ሴኮንድ ትልቅ ጅምር ነው። መጀመሪያ በሁለት እጅ ያዙ፣ ሲለመድ በአንድ፣ በኋላ በጣት ብቻ። ዓይን መጨፈን ግን አጠገብ ሰው ሲኖር ብቻ! የማኅሌቱ ዝማሜም ለእኔ ከዚሁ ወገን ነው፤ ክብደትን በዝግታ ከእግር ወደ እግር ማዛወር ነውና።

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ድንገት ሊወርድ ስለሚችል ከረሜላ ከኪሱ አይጥፋ። እግሩ የቆሰለ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ቤት ውስጥም ቢሆን ልምምዱ እግርን በሚሸፍን ጫማ ይሁን።

ቤተ ክርስቲያን ግን ጫማ ይወልቃል። ስለዚህ እኒያ አዛውንት ከማኅሌት ሲመለሱ፣ ቁርስ ከመቅረቡ በፊት፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ውስጥ እግራቸውን በመስታወት ያያሉ፤ በጣቶቻቸው መሐልም ይፈትሻሉ። ጠጠር ወግቷቸው ከሆነ እግራቸው አይነግራቸውም።