«ላም አለኝ በሰማይ»፦ በአየር የሚመጣው የመኪና ማሻሻያ ሐዋሳ ይደርሳል?

ቀደም ባሉት ዓመታት በሐዋሳ ከተማ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ምን እንደሚያይ ያውቅ ነበር። ደላላው ኮፈኑን ያስከፍታል፤ ሞተሩ ይነሣና የጭሱ ቀለም ይታያል፤ የቦዲው ቀለም የፋብሪካ መሆን አለመሆኑ በጣት እየተንኳኳ ይመረመራል፤ በመጨረሻም ሊብሬውና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ይቀርባሉ። የዋጋ ክርክሩ የሚጀመረው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

በኤሌክትሪክ መኪና ግን ይህ የዓይንና የጆሮ ምርመራ ግማሽ መንገድ እንኳ አያደርስም። ሞተሩ አያጤስም፤ ድምፁም ብዙ አይናገርም። የመኪናውን ጠባይ በአብዛኛው የሚወስነው ሶፍትዌሩ ሲሆን፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ ኮፈን ተከፍቶ አይታይም። ባትሪው እንዴት እንደሚሞላ፣ ፍሬኑ እንዴት እንደሚይዝ፣ የቀረው ኃይል ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ የሚወስነውና የሚያሰላው እሱ ነው። አምራቾችም ይህንኑ ሶፍትዌር በየጊዜው እያሻሻሉ በኢንተርኔት አማካይነት መኪናው ድረስ ይልካሉ። ባለመኪናዎች «አፕዴት» የሚሉት ይህ በአየር የሚመጣ ማሻሻያ ነው። ገዢው ሊጠይቅ የሚገባውም ሻጩ ያቀረበለት መኪና ይህንን ማሻሻያ ያገኛል ወይስ አያገኝም የሚለውን ነው።

ጉዳዩ የሐዋሳ ነጋዴ በቸልታ የሚያልፈው አይደለም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ሲያደርግ፣ ተገጣጥመው ያለቁት 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠሙት 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍሉ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትነው የሚገቡት ደግሞ ቀረጥ እንዳይከፍሉ ወስኖ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ባለሥልጣናት በአገሪቱ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ወደ 100 ሺሕ መድረሳቸውን ሲገልጹ ተሰምተዋል። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም ከውጭ የሚገባ መኪና የሚጠይቀው ብር በእጅጉ ጨምሯል። አዲስ መኪና የሚሻ ሰው ምርጫው የጠበበ፣ የሚያወጣው ገንዘብም የበዛ በመሆኑ ስሕተቱ ውድ ዋጋ ያስከፍለዋል።

ማሻሻያው ምን ይሠራል?

በአየር የሚላክ ማሻሻያን በመኪና ገበያ ያስለመደው ሞዴል ኤስ የተባለውን መኪናውን እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ ያቀረበው የአሜሪካው ቴስላ ነው። ጥቅሙን በግልጽ ያሳየው ደግሞ የ2018ቱ ክስተት ነው። አንድ የታወቀ የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት የቴስላ ሞዴል 3 መኪና ፍሬን ሲያዝ ለመቆም ረጅም ርቀት እንደሚወስድበት በፈተና አረጋግጦ ነቀፈ። ኩባንያው በቀናት ውስጥ ማሻሻያ በአየር ላከ፤ መጽሔቱ ፈተናውን ሲደግመው መኪናው የሚቆምበት ርቀት 6 ሜትር ያህል አጥሮ ተገኘ። ማንም ጋራዥ አልገባም፤ የፍሬን ሸራም አልተቀየረም። ያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 በአሜሪካ ሁለት ሚሊዮን ያህል መኪናዎችን ለእርማት ሲጠራም እርማቱ የተላከው በዚሁ መንገድ ነበር።

ይህ ማለት ግን ማሻሻያ ሁሉን ይፈውሳል ማለት አይደለም። ሃዩንዳይ ኮና በተባለው የኤሌክትሪክ መኪናው ላይ የእሳት አደጋ በተደጋገመ ጊዜ፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2020 መኪናዎቹን ጠርቶ የባትሪ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌራቸውን አሻሻለ። ችግሩ በዚህ ስላልተቋጨ በ2021 ሌሎች ሞዴሎችን ጨምሮ በዓለም ዙሪያ 82 ሺሕ ያህል ተሽከርካሪዎችን ለባትሪ ቅያሪ ጠራ። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲወጣ የሚጠቀመው አምራቹ በመዝገቡ የሚያውቀው፣ ወኪሉም የሚያገኘው ባለመኪና ነው። በመዝገብ የሌለው መኪና ጥሪውን አይሰማም።

ሦስት የተቆረጡ ገመዶች

ወደ ኢትዮጵያ ከሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩና በግል አስመጪዎች አማካይነት በጅቡቲ በኩል የሚመጡ ናቸው። ቮልስዋገን አይዲ 6 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የተለመደ ቢሆንም፣ አምራቹ መኪናውን እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ለቻይና ገበያ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ መኪና ሐዋሳ ሲደርስ ከአምራቹ ጋር የሚያገናኙት ሦስት ገመዶች የተቆረጡ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የስልክ መስመሩ ነው። መኪናው ውስጥ ከፋብሪካ የተገጠመ ሲም አለ፤ ይህ ሲም የቻይና የቴሌኮም ድርጅት ደንበኛ ነው። ከአገሩ ሲወጣ አገልግሎቱ አብሮት አይመጣም። ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ ሳፋሪኮም በከተማው የቱንም ያህል ጥሩ ኔትወርክ ቢኖራቸው ይህ ሲም በራሱ አይጠቀምበትም።

ሁለተኛው ምዝገባው ነው። በቻይና ደንብ የመኪና ሲም በባለቤቱ ስም በመታወቂያ ይመዘገባል፤ መኪናውን በስልክ የሚቆጣጠረው መተግበሪያም ብዙውን ጊዜ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። መኪናው ቻይና ውስጥ በሌላ ሰው ወይም በላኪው ድርጅት ስም ተመዝግቦ ከሆነ፣ የሐዋሳው ባለቤት ሊብሬው በስሙ ቢሆንም በአምራቹ መዝገብ ባለቤት አይደለም።

ሦስተኛው የሶፍትዌሩ እትም ነው። የአምራቹ ሰርቨር መኪናውን የሚያውቀው በቻሲስ ቁጥሩ ሲሆን፣ ቁጥሩ ለየትኛው አገር ገበያ እንደተሠራ ይናገራል። ለአውሮፓ የወጣ ማሻሻያ ለቻይናው መኪና አይላክም፤ ስማቸው አንድ ቢሆንም ስክሪናቸው፣ ካርታቸውና ቋንቋቸው የተለያየ ነውና።

አንዳንድ ባለመኪናዎች ችግሩን በቤት ዋይፋይ ለመፍታት ይሞክራሉ። አንዳንዱ መኪና በዚህ መንገድ ማሻሻያ ይቀበላል። ዋይፋይ የሚቀጥለው ግን የመጀመሪያውን ገመድ ብቻ ነው፤ ምዝገባውና እትሙ እንደተቆረጡ ከሆነ መኪናው ኢንተርኔት ቢያገኝም «አዲስ ነገር የለም» ብሎ ይመልሳል።

«ቋንቋው ተቀይሯል?»

በገበያው በብዛት የሚሰማው ጥያቄ ይህ ነው። ስክሪኑ በቻይንኛ የተሞላ መኪና ገዢን ስለሚያስደነግጥ፣ ባለሙያ ፈልጎ ወደ እንግሊዝኛ ማስቀየር የተለመደ ሆኗል። ገዢው ልብ ሊለው የሚገባው ግን ቋንቋ መቀየርና ሶፍትዌር ማሻሻል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። በመኪናው ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች በሁለት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኛው ወገን ሙዚቃውን፣ ካርታውንና ስክሪኑን ያስተዳድራል። ሁለተኛው ባትሪውን፣ ሞተሩንና ፍሬኑን ይቆጣጠራል፤ አምራቹም በምስጢር ቁልፍ ይጠብቀዋል። የመንደሩ ባለሙያ እጅ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ወገን ላይ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ የሚናገር ስክሪን ያለው መኪና የባትሪ መቆጣጠሪያው ከፋብሪካ እንደወጣ ሊሆን ይችላል።

ጣጣው በዚህ አያበቃም። ከአምራቹ መንገድ ውጭ የተነካካ ስክሪን በኋላ እውነተኛው ማሻሻያ ቢመጣ ሊያስቸግር ይችላል፤ ወይ ማሻሻያው አልጫንም ይላል፣ ወይ ይጫንና ስክሪኑ ወደ ቻይንኛ ይመለሳል።

መጫኑም የራሱ ሥርዓት አለው። መኪናው ቆሞ መሆን አለበት፤ በሚጫንበት ጊዜ አይነዳም። እንደ ማሻሻያው መጠን ከ20 ደቂቃ ጀምሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ላይ የዋለው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 156፣ መኪናው ጭነቱን የሚያስጨርስ ኃይል ከሌለው ማሻሻያው እንዳይጀመር፣ ቢቋረጥም መኪናው ወደ ቀድሞው እትም ወይም ወደ አስተማማኝ ሁኔታ እንዲመለስ ያዛል። በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። ኮምፒውተሮቹ የሚንቀሳቀሱት በእሱ ስለሆነ፣ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሹ ከደከመ ጭነቱ አይጀመርም ወይም ይሰናከላል።

የ275 ኪሎ ሜትሩ ሒሳብ

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ወደ ሐዋሳ በቁልቁለት የመጣ መኪና ሲመለስ ዳገቱን ስለሚወጣ የበለጠ ኃይል ይፈጃል። በዚያ ላይ የቻይና የርቀት መለኪያ ከአውሮፓው የላላ በመሆኑ፣ በሽያጭ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ኪሎ ሜትር በፈጣን መንገድ ላይ አይገኝም። ስለዚህ በሻሸመኔ፣ በባቱና በሞጆ አድርጎ የሚመላለስ ነጋዴ ዓይኑ ያለው ስክሪኑ በሚነግረው የቀሪ ኪሎ ሜትር ቁጥር ላይ ነው። ይህ ቁጥር የሶፍትዌር ስሌት ነው። አምራቾች ከሚያሻሽሏቸው ነገሮች አንዱም እሱ ነው።

ርቀቱ ሌላም ወጪ አለው። ባጃጅ የሚጠግን ጋራዥ በሐዋሳ በየሰፈሩ ሞልቷል፤ የመኪናን ኮምፒውተር ከአምራቹ መዝገብ ጋር አገናኝቶ የሚሠራ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ማሻሻያው በአየር ካልመጣ ባለመኪናው ወደ መዲናይቱ መውጣት ሊኖርበት ነው። አንድ የሥራ ቀን፣ የመንገድ ቻርጅና የአገልግሎት ክፍያ ሲደመሩ «በነፃ በአየር ይመጣል» የተባለው ነገር ዋጋ ያለው ዕቃ ይሆናል። የመሃል አገሩ ገዢ የማያስበውን ይህን ወጪ የሐዋሳው ገዢ ከመጀመሪያው በዋጋው ውስጥ ማስገባት አለበት።

ዋጋውስ እንዴት ይተመን?

ሁለት አንድ ዓይነት መኪናዎች ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። የተሠሩበት ዓመት፣ ቀለማቸውና የሄዱት ኪሎ ሜትር አንድ ነው። አንዱ በአምራቹ ወኪል በኩል የገባ ሲሆን በገዢው ስም ተመዝግቦ ማሻሻያ ይቀበላል። ሌላው ቋንቋው የተቀየረ፣ ከአምራቹ ጋር ግን የተቆራረጠ ነው። የሁለተኛው ሻጭ መኪናው ያለ ማሻሻያም እንደሚሄድ ይከራከራል። እውነት አለው፤ ማሻሻያ ስላልደረሰው ብቻ የሚቆም መኪና የለም። በቅናሽ የተገዛና በከተማ ውስጥ ብቻ የሚሽከረከር ከሆነም ለባለቤቱ ሊያዋጣ ይችላል።

ነገር ግን ነጋዴ መኪና ሲገዛ የሚሸጥበትን ቀንም ያስባል። ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው መኪና ሶፍትዌር ዕድሜው እንደ ገበያው ሲሆን፣ የሁለተኛው በተሠራበት ቀን ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የዛሬው ቅናሽ ያን ጊዜ ከሚመጣው ቅናሽ ጋር መመዛዘን አለበት። ሁለቱን በአንድ ዋጋ የሚያስማማ ደላላ ኮሚሽኑን ሲያገኝ ኪሳራውን ለገዢው ይተዋል።

በምንጩም በኩል ለውጥ መጥቷል። ቻይና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 (ታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም.) ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ያለ ኤክስፖርት ፈቃድ እንዳይወጡ ደንግጋለች። ፈቃዱን የሚያገኙት አምራቾችና እነሱ የወከሏቸው ናቸው። ከተመዘገበ 180 ቀን ያልሞላው መኪና «ያገለገለ» ተብሎ እንዲወጣም አምራቹ ከሽያጭ በኋላ አገልግሎት እንደሚሰጥ የሚያረጋግጥ ሰነድ ይጠየቃል። አዲስ መኪናን በአሮጌ ስም የማሻገሩ ንግድ በዚህ ይጠባል ማለት ነው። ቀደም ብለው የገቡት መኪናዎች ግን ያው ናቸው፤ በገበያው ከእጅ ወደ እጅ መዘዋወራቸውን ይቀጥላሉ።

ከመፈራረም በፊት

ገዢው ብዙ ዕውቀት አያሻውም። ሻጩ ባለበት የስክሪኑ የሲስተም ገጽ ይከፈት፤ የሶፍትዌሩ እትም ቁጥርና መጨረሻ የተሻሻለበት ቀን ይታይ። መኪናው ከዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ ማሻሻያ እንዲፈልግ ይታዘዝ፤ መልሱ እዚያው ይነበብ። የስልክ መተግበሪያው በማን ስም እንደተመዘገበና ወደ ገዢው ሊዛወር መቻሉ ይጠየቅ። ስክሪኑ ተነካክቶ ከሆነ ማን እንደሠራው ይታወቅ፤ የቀድሞው እትም ቅጂ ካለ ከመኪናው ጋር ይረከቡት። የ12 ቮልቱ ባትሪ ይለካ። ሻጩ «ማሻሻያ ይቀበላል» ካለም ቃሉ በውሉ ላይ ይስፈር፤ በቃል የተነገረ ነገር ከካፌው ሲወጡ ይረሳልና።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይላል ያገሬው ሰው። በአየር ይመጣል የተባለውም ማሻሻያ ስክሪኑ ላይ እስካልታየ ድረስ ከዚያች ላም አይለይም። ወተቱን ሳያይ የላሟን ዋጋ የሚከፍል ገዢ ግን በገበያው ገና አልጠፋም።